የመኪናው ዓይን ሞራ

አድማጮቼ፣ ዛሬ ወደ ትምህርታችን ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። መኪና ያላችሁ፣ ባጃጅ የምታሽከረክሩ፣ ወይም ደጃችሁ ላይ የቆመ የጎረቤት መኪና የምታገኙ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ይዛችሁ ውጡ። መጀመሪያ የፊት መብራቱን በደንብ ተመልከቱት። ቢጫ ሆኖ፣ ደብዝዞ፣ ጉም የለበሰ መስሎ ከታያችሁ ውሃውን ከላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት፤ ዓይናችሁንም አትንቀሉ።

ውሃው እየወረደ ሳለ መብራቱ ጥርት ይላል። ውስጥ ያለው አምፖል፣ ከጀርባው ያለው የሚያብለጨልጭ ሳህን፣ ሁሉም ይታያል። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ሲደርቅ ጉሙ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የዛሬው ትምህርት በሙሉ እዚያች ጣሳ ውሃ ውስጥ አለ። ውሃው ምንም አላጸዳም፤ ቢጫውንም አላጠበም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመብራቱ ፊት በዓይን በማይለዩ ጭረቶችና ስንጥቆች ሻክሮ ነበር፤ ውሃው እነዚያን ስንጥቆች ሞላና ፊቱን ለጊዜው አለሰለሰው። ብርሃን ሻካራ ፊት ላይ ሲደርስ ወደ ሺህ አቅጣጫ ይበተናል፤ ለስላሳ ፊት ላይ ሲደርስ ግን መንገዱን ይዞ ያልፋል። ውሃው ሲፈስበት የጠራ መብራት ሕመሙ ውጪው ላይ ነው፤ ስለዚህ ይድናል። ውሃ ተደፍቶበትም ያው እንደ ነበረው ከሆነ ግን ጉሙ ያለው ከውስጥ ነው፤ ወይም የኋላው ሳህን ተቃጥሏል። ያን ጊዜ ውጪውን ቀኑን ሙሉ ብታሹት ድካም ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

እኛ በልማድ «የመብራቱ መስታወት» እንላለን። በድሮዎቹ መኪናዎች እውነትም መስታወት ነበር፤ ከአርባና ሃምሳ ዓመት በፊት የገቡት ላንድሮቨሮች ያሏቸው ሰዎች ያውቁታል። መስታወት በድንጋይ ይሰበራል እንጂ በፀሐይ ቢጫ አይሆንም። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው አብዛኞቹ መኪናዎች የፊት መብራት ሽፋን ግን ፖሊካርቦኔት የተባለ ሙጫ መሳይ ፕላስቲክ ነው። ይህን ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለት ሰዎች፣ ጀርመን ውስጥ ሄርማን ሽኔል፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዳንኤል ፎክስ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ በአንድ ዓመት አገኙት። ከመስታወት በግማሽ ይቀላል፤ ጠጠር ሲመታው አይፈነዳም፤ እንደ ተፈለገው ቅርጽ ይታጠፋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ በመኪና ላይ የምትፈቅደው በመስታወት የታሸገውን መብራት ብቻ ነበር፤ በ1983 ሕጉን ስታላላ ፕላስቲኩ ገባ። ከዚያ በኋላ የመኪና ዓይን በዓለም ሁሉ ተለወጠ።

የእናንተ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ በጥፍራችሁ ቆርቆር አድርጉት። መስታወት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ፕላስቲክ ድፍን ያለ። አንዳንዱ ሽፋን ላይ ደግሞ ጥግ ላይ «ፒኤል» የሚል የላቲን ፊደል ተቀርጾ ታገኛላችሁ፤ የፕላስቲክ ሽፋን ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ፕላስቲክ አንድ ጠላት አለው፤ እሱም ከሰማይ የሚወርደው በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የምንለው ነው። ፕላስቲኩ የተሠራው እንደ ሰንሰለት ከተያያዙ ቅንጣቶች ነው። ጨረሩ የሰንሰለቱን ማያያዣ ይበጥሰዋል፤ የተበጠሰው ቁራጭ ተገልብጦ በሌላ መልክ ይጋጠማል። ያ አዲስ ግጥሚያ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ከነጭ ብርሃን ላይ ሰማያዊው ሲቀነስ የሚተርፈው ቢጫ ነው። ስለዚህ መብራቱ ቢጫ የሆነው ስለ ቆሸሸ አይደለም። ይህን ደጋግሜ ነው የምናገረው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቆሻሻ መስሎት በኦሞና በሽቦ ሲፈትገው አያለሁ።

ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ሽፋኑን ሲያወጣ ጨረር የሚያስቀር ጠንካራ ቅብ ያለብሰዋል። ቅቡ በጣም ስስ ነው፤ ውፍረቱ በአሥር ማይክሮን አካባቢ ሲሆን ከአንዲት የራስ ፀጉር በብዙ እጥፍ ይሳሳል። እሱ እስካለ ድረስ ፕላስቲኩ ደህና ነው። እሱ ሲላጥ፣ እንደ እባብ ቆዳ እዚህም እዚያም ሲነሳ፣ ታሪኩ ያልቃል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ትጠጋለች። በዚያ ላይ ጎንደር ከምድር ወገብ ብዙም አልራቀችም፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀትር በትክክል ከአናታችን በላይ ትቆማለች። የነሐሴዋን ደመና ይጋርድልናል። የሚያዝያዋን የሚጋርድልን የለም።

ሰው ግን ጥፋቱን በሙቀት ያመካኛል። «መተማ ይብሳል፣ ደባርቅማ ብርድ ነው» ይላል። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ ሙቀቱ ያነድዳል፣ ጨረሩ ግን ከደባርቅ ይቀንሳል። የስሜን ሰው ይህን በፊቱ ያውቀዋል። ጋቢ ተከናንቦ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ጉንጩ ይቃጠላል። መብራቱም እንደዚያው ነው፤ በብርድ አገር ይነድዳል። የሚገርመው ይኸው ጨረር የሰውንም ዓይን ያጠቃል፤ ለዓይን ሞራ ከሚዳርጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ የመኪናው ዓይን ሞራ ወጣበት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሞራው ምን ያህል ብርሃን ይበላል? ኤኤኤ የተባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ፍተሻ በጣም የደበዘዙና ቢጫ የሆኑ መብራቶች በአጭሩ ብርሃን ሲበሩ አዲስ መብራት ከሚሰጠው የሚሰጡት 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። አምስት ሻማ ይበራ የነበረበት ቤት በአንድ ሻማ ቀረ እንደ ማለት ነው። የቀረው ብርሃን ሁሉ ጠፍቶ አልጠፋም፤ ከፊሉ ወደ ጎንና ወደ ላይ ተበትኖ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ባለመኪናው አያይም፣ ሌላውም እንዳያይ ያደርጋል።

ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ከጎንደር ተነስታችሁ ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ስትደርሱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዛችኋል። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ያ ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ መንገዱን ይሸፍነዋል። እዚያ ላይ ሞራ የያዘው መብራት ይዞ የሚወርድ ሾፌር ሁለት ጉም ነው ያለበት፤ አንዱ የእግዜር፣ አንዱ የራሱ። የእግዜሩን መጠበቅ እንጂ ማንሳት አንችልም። የራሱ ግን በአንድ ቀን ሥራ ይነሳል። ይህን አንድ ቀን ያልሰጠ ሾፌር ሳይ ልቤ ይደማል፤ ከኋላው የተቀመጡት እናቶችና ሕፃናት መብራቱን አይተው አይደለም የተሳፈሩት።

ሌላም ምክንያት አለ። አገራችን በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሏ ተነግሯል። ያሉት መኪናዎች እንግዲህ ረጅም ዕድሜ መኖር አለባቸው። የመለዋወጫ መብራት ዋጋ ደግሞ የምታውቁት ነው። የኤሌክትሪኮቹም ቢሆኑ መብራታቸው ያው ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ነዳጅና ኤሌክትሪክ አትለይም።

እሺ፣ ወደ ሥራው። በመጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ እናንተ እንዳትደግሙት። ወጣት ሳለሁ በአንድ ጋራዥ ቀለም ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ቀን የደበዘዘ መብራት አጽዳ ተብዬ ቲነር በጨርቅ ነክሬ አሸሁት። ወዲያው አማረ፤ ደስ አለኝ። በማግስቱ ባለቤቱ ሲመጣ ሽፋኑ ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ ነበር። ቲነር ፖሊካርቦኔትን ውስጡ ገብቶ ያፍረከርከዋል። አሴቶንም እንደዚያው ነው፤ ቤንዚንም ቢሆን አይታመንም። የመብራቱን ዋጋ ከደመወዜ በየወሩ እየተቆረጠ ከፈልሁ። ያኔ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ትልቅ ሰው አልተቆጣኝም፤ አንድ ጣሳ ውሃ አምጥቶ ሌላ የደበዘዘ መብራት ላይ አፈሰሰና «እይ» አለኝ። ዛሬ ያስተማርኋችሁ እሱ ያሳየኝን ነው።

የሚያስፈልገን ነገር ብዙ አይደለም። ብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ የሚሠራው ጥቁሩ ዓይነት፣ በተለያየ ቁጥር። የወረቀት ፕላስተር። ሁለት ባልዲ ንጹሕ ውሃ። ሳሙና። ለስላሳ ጨርቅ። ንጹሕ አልኮል። መጨረሻም የሚለብሰው ቅብ። ስለ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይለሰልሳል። 600 ይፍቃል፣ 3000 ይዳብሳል። ይህን ገልብጠው የያዙ ልጆች በ3000 ጀምረው ግማሽ ቀን ሲደክሙ አይቻለሁ።

መብራቱን በሳሙና እጠቡ። ዙሪያውን ያለውን ኮፈን፣ ፓራፋንጎና ፓራውልት በፕላስተር ሁለት ሦስት ዙር ሸፍኑ፤ ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ካመለጣችሁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በ600 ወይም በ800 ጀምሩ። ወረቀቱም መብራቱም ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ውሃው አቧራውን ያጥባል፣ ሙቀቱን ያበርዳል፣ ለሳንባችሁም ይበጃል። በአንድ አቅጣጫ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እጃችሁን ሳታከርሩ እሹ። በመሃል የሚወርደውን ውሃ ተመልከቱ። መጀመሪያ የሚወርደው ቢጫ ነው፤ የሞተው ቆዳ ነው። እያለ እያለ ወደ ነጭ ይለወጣል፤ ሕያው ፕላስቲኩ ላይ ደረሳችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፋብሪካው አሮጌ ቅብ በሙሉ አይላጥም፤ አንዳንድ ቦታ እንደ ደሴት ተጣብቆ ይቀራል። መብራቱን አድርቃችሁ ከጎን ስታዩት የደሴቱ ጠርዝ እንደ ካርታ መስመር ይታያል። ያ ጠርዝ ካልጠፋ አዲሱ ቅብ ሲገባበት ጎልቶ ይወጣል፤ ኋላም መላጥ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ስለዚህ ደሴት እስኪጠፋ ድረስ ከ600 አትነሱ። ትዕግሥታችሁን በሙሉ እዚህ ላይ አውጡት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ይቀላል።

ከዚያ ወደ 1000 ተሻገሩ። አሁን አቅጣጫ ቀይሩ፤ ከላይ ወደ ታች። ለምን ቢባል፣ የበፊቱ ጭረት ተጋድሞ ይታያችኋል፤ ሁሉም ተጋዳሚ ጭረት ጠፍቶ ቋሚ ብቻ ሲቀር የ1000 ሥራ አለቀ። በእያንዳንዱ ቁጥር መሃል ባልዲውን ለውጡ። አንዲት የ600 አሸዋ ቅንጣት በ1000 ሥር ከገባች ሥራችሁን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች።

በዚህን ጊዜ መብራቱ እንደ ወተት ነጭ ሆኗል። ባለመኪናው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ «አበላሻችሁት» ይላል። ውሃ አፍስሱለትና አሳዩት።

አሁን ሁለት መንገድ አለ፤ ዛሬ በዋናነት ልናገር የመጣሁትም ይህንን ነው። አንደኛው መንገድ እስከ 2000፣ እስከ 3000 መቀጠል፣ ከዚያ በኮምፓውንድ እያሹ ማንጸባረቅ ነው። በዚህ መንገድ መብራቱ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ባለቤቱ ደስ ብሎት ይከፍላል፣ ሠሪውም ደስ ብሎት ይሸኛል። በጥርስ ሳሙና የሚያሹትም የዚሁ መንገድ ታናሽ ወንድም ነው፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ደቃቅ መፋቂያ ስላለ ትንሽ ያጠራል። ግን አስቡት። የነበረውን መከላከያ ቅብ ፍቀን ጣልነው። አሁን ፕላስቲኩ ራቁቱን ቆሞ በሚያዝያ ፀሐይ ፊት ተጋፍጧል። በወራት ውስጥ መልሶ ቢጫ ይሆናል። ያኔ ሰው «አንዴ ከነካኸው ይብሳል» ይላል። የባሰው ስለ ተነካ አይደለም፤ ሳይለብስ ስለ ተተወ ነው።

እናቶቻችን ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። አዲስ ምጣድ ከገበያ ሲመጣ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። የጎመን ዘር ተወቅጦ፣ እሳት ላይ ተጥዶ፣ ተደጋግሞ ይታሻል፤ ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይሞላል። ሳይሟሽ ሊጥ ያፈሰሰች ሴት እንጀራዋን ከምጣዱ ላይ በቢላ ነው የምትፍቀው። ወለቃ ላይ የሚሠራው ሸክላ የቱን ያህል ተዳምጦ ቢያምር ማሟሸቱን አያስቀርም። መብራት ማሸት ሸክላ ማለስለስ ነው፤ ቅቡ ደግሞ ማሟሸቱ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ቅብ ማልበስ ነው። ቀለም ቀቢዎች ክሊር የምንለው፣ ቀለም የሌለው የመኪና ቅብ፣ ከማድረቂያው ከሃርድነር ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው ማለቴ ነው። የቤት ዕቃ ቫርኒሽ አይሆንም፤ እሱ ራሱ ፀሐይ ላይ ቢጫ ይሆናል። ጥሩ የመኪና ክሊር ውስጥ ግን ጨረሩን የሚውጥ ነገር ተጨምሮበታል። ክሊር ልትረጩ ከሆነ ደግሞ እስከ 3000 አትሂዱ። ይህ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው። ክሊር የሚይዝበት ጭረት ይፈልጋል፤ እንደ መስታወት ካለሰለሳችሁት እንደ ወረቀት ይላጣል። በ1000 አካባቢ አቁሙና ጣሳው ላይ የተጻፈውን መመሪያ ተከተሉ። የቀሩትን ደቃቅ ጭረቶች ክሊሩ ራሱ ይሞላቸዋል። ውሃው ያደረገውን ታስታውሳላችሁ? ክሊር ማለት የማይተን ውሃ ማለት ነው።

ከመርጨት በፊት መብራቱን በአልኮል ጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት። የመጀመሪያው ርጭት በጣም ስስ ይሁን፤ ገና ሙሉ ሽፋን አይሰጥም፣ መያዣ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁና ሁለት ሙሉ ርጭት፣ በመሃላቸው እያረፋችሁ። ቸኩሎ በአንዴ ያወፈረ ሰው እንባ ያያል፤ ቅቡ እንደ እንባ ይንጠባጠባል።

በእኛ አገር አየሩም ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በበጋ ነፋሱ አቧራ ያመጣል፤ ከመርጨታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት መሬቱን በውሃ አርከፍክፉት። በክረምት እርጥበቱ ቅቡን እንደ ጉም ያነጣዋል፤ ዝናብ በያዘ ቀን ባትሠሩ ይሻላል። ቀጥተኛ ፀሐይ ላይም አትርጩ፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ከሥር የሚተነው ጋዝ አረፋ ያወጣል። ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ብትሠሩ ጥሩ ነው። በተለይ ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ከሰዓት በኋላ አትጀምሩ። ክሊሩ በደንብ የሚደርቀው በ20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የስሜን ሌሊት ቅዝቃዜ ሳይጠነክር ከደረሰበት ደክሞ ይቀራል። ብትችሉ መኪናውን በዚያ ሌሊት ቤት ውስጥ አሳድሩት። ሲነካ ደርቆ ቢገኝ እንኳ ለጥቂት ቀናት በሳሙና አይታጠብ።

አሁን ሬዲዮውን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ። ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የተባለ ነገር አለ። በርጭት ጊዜ ወደ ሳንባ ከገባ አስም ያስይዛል፤ የመኪና ቀለም ቀቢዎችን ከሥራቸው ከሚያፈናቅሉት በሽታዎች አንዱ ይህ ነው። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ ትንሿ ሽታ እንኳ ደረትን ታፍናለች። ሻርፕ አፍ ላይ መጠምጠም፣ በኮቪድ ጊዜ ያደረግነውን የጨርቅ ጭምብል ማድረግ፣ ምንም አያስቀርም። ለእንዲህ ያለ ርጭት የተሠራ፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል ጭምብል ያስፈልጋል፤ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታም። በዝግ ጋራዥ ውስጥ አይረጭም። ሽታው ከጠፋ በኋላም ቢሆን አየሩ ወዲያው አይጠራም። ልጆች በአጠገባችሁ አይቁሙ። በየጋራዡ የሚላኩት ታዳጊ ረዳቶች ያለ ምንም መሸፈኛ ሽጉጡን ይዘው ሲረጩ እናያለን፤ አሠሪዎች ሆይ፣ የሰው ልጅ ሳንባ መለዋወጫ የለውም፤ ጭምብሉን ግዙላቸው።

ጭምብሉ ካልተገኘ አትርጩ። በጨርቅ የሚቀባ፣ ጨረር የሚከላከል የመብራት ቅብ አለ፤ ዕድሜው ከክሊር ቢያጥርም ለሳንባ ይሻላል፤ በየጊዜው ይደገማል። ለዚህኛው የማለስለሱ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

በኢንተርኔት ቪዲዮ ላይ ደግሞ በትንሽ ኩባያ ፈሳሽ አፍልተው፣ በእንፋሎቱ ብቻ መብራቱን በሰከንድ ሲያጠሩ አይታችሁ ይሆናል። ተአምር ይመስላል። ከእነዚያ ፈሳሾች መካከል ዳይክሎሮሜቴን የተባለው አለ፤ እንፋሎቱ የፕላስቲኩን ፊት አቅልጦ ያለሰልሰዋል። የተተነፈሰው ደግሞ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ በከሰል ጭስ ታፍኖ የሚሞት ሰው የሚሞትበት ያው ጋዝ ነው። እንዲህም ሆኖ መከላከያ ቅብ አያለብስም። እኔ አልመክርም፤ ቤቴም አላስገባውም።

ስለ ፋይበርግላስ የሚጠይቁኝ አሉና ባጭሩ ልንካው። በጣና ላይ የሚሄዱ የፋይበር ጀልባዎች፣ አንዳንድ የመኪና ጣራና የጎን ሽፋኖች፣ ፀሐይ ሲበላቸው እንደ ኖራ ዱቄት ያወጣሉ፣ እጅ ሲነካቸው ነጭ ይለቅቃሉ። እነሱ ላይ ያለው የውጪ ልባስ ከመብራቱ ቅብ ጋር አይወዳደርም፤ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ስለሚደርስ ብዙ ጊዜ ልባሱን ሳንጨርስ በ800ና በ1000 አሽተን፣ በኮምፓውንድ አጥርተን፣ ሰም ቀብተን እንተወዋለን። የፋይበሩ ክር መታየት ከጀመረ ግን አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ልባስ እንጂ ማሸት አይረዳም። አቧራው ውስጥ የብርጭቆ ክር ሊኖር ስለሚችል እሱንም በውሃ ነው የምንሠራው።

መብራቱ ከለበሰ በኋላ እንዴት ይያዝ? ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የጠዋቱ ጨርቅ ነው። የባጃጅ ልጆች ሌሊት አቧራ የጠጣውን መብራት በደረቅ ጨርቅ ፈተግ ፈተግ አድርገው ይነሳሉ። ያ አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነው፤ በየቀኑ ብርጭቆ ወረቀት እንደ መምታት ይቆጠራል። መጀመሪያ ውሃ ይፍሰስ፣ ከዚያ ይጠረግ። አምፖል ስትቀይሩም ፋብሪካው ካዘዘው ዋት አትለፉ። 55 ዋት በሚለው ቦታ 100 ዋት የገባበት መብራት የኋላውን ሳህን ያቃጥላል፤ ያን ደግሞ ከውጪ የሚያክመው የለም።

የማቆሚያውንም አቅጣጫ አስቡበት። በጎንደር ፀሐይ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ፣ ስምንት ወር ያህል፣ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በነዚያ ወራት ቀኑን ሙሉ የሚቆም መኪና ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ አቅጣጫ፣ ቢያዞር ዓይኑ የገዛ አካሉ ጥላ ውስጥ ይውላል። ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞ። ዋጋ የለውም፤ መሪ ማዞር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። በደንብ የታደሰ መብራት አዲስ አይሆንም። ያው የአሜሪካው ፍተሻ የታደሱት መብራቶች ወደ 70 በመቶ እንደ ተመለሱ አሳይቷል፤ የተበተነ ብርሃንም ከአዲሱ ይበልጥ ነበራቸው። አቅም ያለው አዲስ ይግዛ። አቅም የሌለው ግን ከ20 ወደ 70 መመለሱን አይናቀው፤ ሊማሊሞ ላይ በጉም ውስጥ የሚያቋርጥን በግ ቀድሞ ማየት የሚቻለው በዚያ ልዩነት ነው። ሥራው እንዳለቀ ማታ መኪናውን ከግድግዳ ፊት አቁማችሁ ሁለቱን መብራቶች አወዳድሩ፤ መብራቱ ተፈትቶ ከነበረ አንዱ ወደ ሰማይ አንዱ ወደ መሬት እንዳይመለከት አስተካክሉት።

መጨረሻ ላይ ማርከር ውሰዱና ከኮፈኑ በስተውስጥ የቀባችሁበትን ቀን ጻፉበት። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ ያችን ጣሳ ውሃ ይዛችሁ ተመለሱ። መብራቱ ጥርት ብሎ ሳለ ስታፈስሱበት ምንም ለውጥ ካላያችሁ ቅቡ አለ፤ መኪናውን አስነስታችሁ ሂዱ።